መስቀሉን መፈግፈግ ትታችሁ አየሩን ያዙ፦ ለእቃ ቤትና ለትንንሽ ሙዚየሞች ዝርዝር መመሪያ

ጥምቀት ወይ ንግስ ሲደርስ በየደብሩ ሚደረገውን ታውቁታላችሁ፣ የመጾር መስቀሉ፣ ጽናው፣ ጸናጽሉ ከእቃ ቤት ይወጣና በሎሚና በአመድ፣ አሁን አሁን ደግሞ በኮልጌትና በብራሶ እስኪያብረቀርቅ ይፈገፈጋል፣ ከዛ ተመልሶ እዛው ሳጥን ውስጥ ይገባና ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና ጠቁሮ ይጠብቃል። ይሄ ነገር በየዓመቱ ሲደጋገም የተቀረጸው ስዕል ፊቱ ይጠፋል፣ ያሰራው ሰው ስም ይደበዝዛል፣ በወርቅ የተለበጠ ከነበረ ወርቁ አልቆ ከስሩ መዳቡ ብቅ ይላል። ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ አይደለም እኮ፣ ራሱ ብሩ ነው፣ አየር ላይ ካለው የድኝ ጋዝ ጋር ተዋህዶ የተለወጠ ብር፣ ስለዚ በፈገፈጋችሁ ቁጥር ምታነሱት ብር ነው። መጥቆሩን ሚያመጣው ደግሞ ሳጥኑና ክፍሉ ስለሆነ ሳጥኑን ካልነካችሁት ነገም ይጠቁራል። ከዚ በታች ያለው ሁሉ ስለ ሳጥኑና ስለ አየሩ ነው፣ ስለ ማጽጃ አይደለም።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ነገር። አንደኛ ጽዋ፣ ጻሕል፣ ዕርፈ መስቀል (የቁርባን እቃዎች) ማንም ተነስቶ ሚነካቸው እቃዎች አይደሉም፣ ስለዚ ካህን ወይም ዲያቆን አብሯችሁ ይኑር፣ እሳቸው ያንሱ እናንተ ጻፉ ፎቶ አንሱ። ጓንት አድርጉ ብሎ ማዘዝ ብቻውን እዚህ ጋ አይሰራም፣ መጀመሪያ አስተዳዳሪውንና የእቃ ቤት ኃላፊውን አስፈቅዱ። ሁለተኛ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሰረት ቅርስ ላይ ጥገና ለመስራት የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። እዚህ ምንሰራው ግን መለካት፣ ማየትና አቀማመጥ ማስተካከል ነው፣ እቃው ላይ ምንም አንቀባም ምንም አንፍቅም።

1ኛ፦ የትኛው እቃ ከምን እንደተሰራ ለዩ

እያንዳንዱ ሚፈራው ጠላት ስለሚለያይ ይሄን ሳትለዩ ወደ ሚቀጥለው አትሂዱ።

ብር ዋናው ጠላቱ የድኝ ጋዝ ነው፣ በተለይ የተበላሸ እንቁላል ሚሸተው አይነት፣ መጠኑ ከአየሩ ቢሊዮን እጅ አንዱን እንኳን ባይሞላ ብር ማጥቆሩን አይተውም። እዚህ ላይ የኛ ሀገር ብር አንድ ልዩ ነገር አለው፣ ብዙው የድሮ የብር መስቀል የተሰራው የማርትሬዛ ብር (የድሮው የኦስትሪያ ሳንቲም) ቀልጦ ነው። ማርትሬዛ 28 ግራም አካባቢ ትመዝናለች፣ ከዛ ውስጥ ብሩ 83% ገደማ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ። ስለዚ የኛ "ብር" መስቀል ብዙ ጊዜ የመዳብንም ጸባይ ይዟል፣ እርጥበት ካገኘ ጥርስና ጉድጓዱ ላይ አረንጓዴ ነገር ሚያወጣው ለዛ ነው፣ ሰው "ብር አይደለም ተታለልን" ብሎ ይደነግጣል፣ ብር ነው።

መዳብ፣ ነሐስ (ብሮንዝ)፣ ናስ (ብራስ) ጨውና አሲድ ይፈራሉ። ናስ በተጨማሪ አሞኒያ ይፈራል፣ አሞኒያ የተቀጠቀጠና የታጠፈ ናስ ይሰነጥቃል። አሞኒያ ከየት ይመጣል ካላችሁ ጣሪያው ላይ ካለው የሌሊት ወፍ፣ ከሽንቱና ከኩሱ። አንዳንድ የናስ ማጽጃም ውስጥ አለ።

ብረት፣ ማለትም ሰይፍ፣ ጦር፣ የድሮ ጠመንጃ፣ ቁልፍና ማጠፊያ፣ ከሁሉም በላይ እርጥበት። ንጹህ ብረት ከ60% እርጥበት በላይ ሲሆን ዝገቱ ይፈጥናል፣ አቧራና ጨው ካለበት ግን ከዛ በታችም ይዝጋል።

እርሳስ (ብረቱ፣ መጻፊያው አይደለም) ካላችሁ፣ ማኅተም ላይ ወይ ብየዳ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ የእንጨት ሳጥን አሲድ ነጭ ዱቄት ያደርገዋል።

በወርቅ የተለበጠውን ለብቻ ምልክት አድርጉበት፣ ወርቁ ራሱ አይዝግም ግን በጣም ስስ ነው፣ ከስሩ ያለው መዳብ በትንንሽ ቀዳዳ ዝገቱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ለእያንዳንዱ እቃ አንድ ገጽ ደብተር፣ ከፊት ከኋላ ፎቶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተቀምጦ። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቡናማ ያያችሁበትን ቦታ በስዕል ላይ አክብቡት።

2ኛ፦ እርጥበቱን ለኩ

ዲጂታል ሃይግሮሜትር (የአየር እርጥበት መለኪያ) ግዙ፣ ርካሹ ይበቃል ግን እንዳለ አትመኑት። መፈተኛው ቀላል ነው፣ የሃይላንድ ክዳን ውስጥ የገበታ ጨው አድርጉና እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምሩ፣ እንዳይቀልጥ፣ ከዛ ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ዚፕ ያለው ከረጢት ውስጥ ዘግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት 75% ማለት አለበት። 70 ካለ መለኪያችሁ 5 ያጎድላል ማለት ነው፣ ጀርባው ላይ "+5" ብላችሁ ጻፉበትና ተገላገሉ።

አንዱን ክፍሉ ውስጥ፣ ከተቻለ ሌላ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ፣ ጠዋትና ከሰዓት ተጽፎ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ቢያዝ ጥሩ ነው። ያን ያህል መጠበቅ ካልቻላችሁ ሐምሌን እንዳያመልጣችሁ፣ የክፍሉ ጉድ ሚወጣው ያኔ ነው።

አንድ ሰው ሚረሳው ነገር አለ፣ በድንጋይ ቤትና በውቅር ቤተክርስቲያን የብረታ ብረት እቃው ከአየሩ ይቀዘቅዛል። ላሊበላ ለገና ያን ሁሉ ምዕመን አስቡት፣ የሰው ትንፋሽና የጧፍ ሙቀት እርጥብ አየር ይፈጥራል፣ ያ አየር ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ብረቱ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ክፍሉ ውስጥ መለኪያው 60 ቢልም የመስቀሉ ገጽ ግን እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከበዓል በኋላ ውጪው ደረቅ ከሆነ (ጥርና የካቲት ብዙ ቦታ ደረቅ ነው) በሩን ከፍቶ ማናፈስ ይጠቅማል፣ በክረምት ግን ዝናብ እየዘነበ "ይናፈስ" ብሎ መክፈት እርጥበት መጋበዝ ነው።

3ኛ፦ መጥፎውን ጋዝ ሚያወጣውን ነገር ፈልጉ

ብዙ ሰው መንገድ ላይ ያለው የመኪና ጭስ ነው ጥፋተኛው ይላል፣ አዎ የራሱ ድርሻ አለው፣ ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ አስር ጊዜ ሚብሰው ሳጥኑ ውስጥ ከእቃው ጋር አብሮ የተዘጋበት ነገር ነው። መጀመሪያ በአፍንጫ ጀምሩ፣ ሳጥኑን ከፍታችሁ ወዲያው አሽትቱ።

አቼቶ አቼቶ ከሸተተ፣ አሲድ ነው። ከእንጨቱ፣ ከችፑድ፣ ከኤምዲኤፍ፣ ከኮምፔርሳቶ ይወጣል፣ ያላወጣ እንጨት የለም ልዩነቱ መጠኑ ነው። አዲስ ዘይት ቀለምና ቫርኒሽም ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ ስለዚ ለእቃዎቹ ክብር ተብሎ አዲስ ቡፌ ተሰርቶ ቫርኒሹ ሳይደርቅ እቃው ከገባ ያ ቡፌ ከድሮው ሳንዱቅ ይብሳል። መስታወት ሚለጠፍበት ሲሊኮን ደግሞ ሁለት አይነት ነው፣ ሲደርቅ አቼቶ ሚሸተው ለኛ አይሆንም፣ ማይሸተውን አይነት ጠይቁ፣ እሱም ቢሆን ሳምንታት ይናፈስ።

ጎማ፣ ማስቲሽ፣ ሱፍ ካለ፣ ድኝ ነው። የሱፍ ምንጣፍ፣ ፌልት፣ ጥቁር የጎማ ማሸጊያ፣ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ። ላስቲኩን በተለይ ተመልከቱ፣ መለያ ወረቀት በላስቲክ ታስሮ የቆየ የእጅ መስቀል ላይ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ በቀጭኑ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ላስቲኩ በስብሶ ከጠፋ ከዓመታት በኋላም መስመሩ እዛው ነው። በጥጥ ክር ቀይሩት። ቀይ ከፋይም ሁሌ ንጹህ አይደለም፣ ማቅለሚያው ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ በ4ኛው ላይ ባለው መንገድ ፈትኑት።

ፕላስቲኩ ምንድነው? ፒቪሲ ከሆነ እያረጀ የጨው አሲድ ይለቃል፣ መዳብና ነሐስ አረንጓዴ ያደርጋል። ለመለየት ውጪ ወጥታችሁ የመዳብ ሽቦ ጫፉን እሳት ላይ አግሉት፣ የጋለውን ፕላስቲኩ ላይ ነካ አድርጉና መልሳችሁ እሳቱ ውስጥ ክተቱት፣ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ በዋናነት ፒቪሲ ነው። ጭሱን አትሳቡ፣ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። ከታች ሶስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይ 5 የተጻፈበት ፕላስቲክ ይሆናል፣ 3 አይሆንም።

ጋዜጣም አውጡ፣ የጋዜጣ ወረቀት አሲድ ነው። ቢጫ እየሆነ ሚፈረፈረው ስፖንጅም እንደዛው።

ከሳጥን ውጪ ደግሞ ኩራዝና ላምባ፣ ጄኔሬተር ከመስኮቱ ስር፣ የሌሊት ወፍ። ዕጣኑንና ጧፉን አታጥኑ አታብሩ አይባልም፣ ጸሎት ነው፣ ግን እቃ ቤቱ ጭሱ ሚሄድበት መንገድ ላይ አይሁን፣ ጥቀርሻ እርጥበት ይይዛል። ከዚህ ጋር ጽናውን ተመልከቱ፣ ከቅዳሴ በኋላ አመዱና ፍሙ ሳይራገፍ ይሰቀላል፣ የእንጨት አመድ ደግሞ እርጥበት ሚስብ ጨው አለው፣ ታች ድረስ መዳቡን ይበላዋል። ሲቀዘቅዝ ማራገፍና በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ በቃ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

4ኛ፦ አየሩ ራሱ ይመስክር፣ የብር፣ የመዳብና የእርሳስ ቁራጭ ስቀሉ

ይሄ ነው ለኔ ዋናው ስራ፣ ወጪውም ትንሽ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ሙዚየሞች አይሶ 11844 በሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ መሰረት እንደዚህ ያሉ ቁራጮችን አንድ ዓመት አስቀምጠው ይመዝኑና ክፍሉን ከአይሲ 1 (በጣም ዝቅተኛ) እስከ አይሲ 5 (በጣም ከፍተኛ) ደረጃ ይሰጡታል። ሚመዝነው ሚዛን እኛ ጋ ላይኖር ይችላል፣ በዓይን ማየትም ብዙ ይናገራል።

ብር ቤት ሄዳችሁ በጣም ንጹህ የሆነውን ብር ስስ ቁራጭ አስቆርጡ፣ የጣት ጥፍር የምታህል። መዳብ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ፕላስቲኩን ልጣችሁ ቀጥቅጡት። እርሳስ ከተገኘ ጥሩ፣ በጓንት ያዙት መርዝ ስለሆነ። ሁሉንም በደቃቅ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት አብርቁ፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ከዛ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፣ የጣት አሻራ ራሱ ያዝጋል። በጥጥ ክር ወይ በናይለን ስቀሉ፣ አንድ ስብስብ ሳጥኑ ውስጥ፣ አንድ ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ በረንዳ ላይ ዝናብ ማይነካው ቦታ፣ አንድ ደግሞ ማመሳከሪያ ሚሆን ዚፕ ከረጢት ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ሚመጥ ፍሬ) ጋር። በ1 ወር፣ በ3 ወር፣ በዓመቱ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ።

እንዴት ይነበባል፦ ብር መጀመሪያ ወርቅማ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ መጨረሻ ጥቁር ይሆናል። በ1 ወር ሰማያዊ ከደረሰ ድኝ በጣም በቅርብ አለ። ሳጥን ውስጥ ያለው ክፍሉ ውስጥ ካለው ቀድሞ ከጠቆረ ጥፋተኛው ሳጥኑ ነው፣ ተቃራኒው ከሆነ ሳጥኑ እየጠበቀ ነውና በሱ ላይ አትጨቃጨቁ ክፍሉን አስተካክሉ። መዳብ ደብዘዝ ቡናማ ቢል አያስደነግጥም፣ አረንጓዴ ነጥብ ካወጣ ግን ጨው ወይ አሲድ አለ። እርሳስ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ እንጨቱ፣ ቀለሙ ወይ ሲሊኮኑ ነው።

አዲስ ጨርቅ ወይ ሰሌዳ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀድሞ መፈተን ይቻላል። የኦዲ ፈተና ይባላል፣ አንድሩ ኦዲ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስጀመረው ነው፣ የእቃው ናሙና፣ ትንሽ ውሃ፣ የብር የመዳብና የእርሳስ ቁራጭ አንድ ላይ ጠርሙስ ውስጥ ታሽገው 60 ዲግሪ ላይ 28 ቀን ይቆያሉ፣ ሌላ ጠርሙስ ያለ ናሙና ማወዳደሪያ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ላብ ውስጥ ማያቋርጥ ኦቨን ያለው ወዳጅ ካላችሁ ሞክሩት። መብራት ሚሄድበት ቦታ ያለ ሙቀት ጠርሙሱን ለወራት ማስቀመጥም ግልጽ የሆነ ችግርን ያሳያል፣ ምንም ካላሳየ ግን "አለፈ" ብላችሁ አትፈርሙበት።

5ኛ፦ ሳጥኑን ስሩ

ጥብቅ ክዳን ያለው የምግብ ፕላስቲክ ሳጥን (2 ወይ 5) ወይም ቀለሙ በፋብሪካ በምድጃ የተጋገረ የብረት ሳጥን። የጥንት የእንጨት ሳንዱቅ ራሱ ቅርስ ከሆነ ውስጡን ምንም አትለጥፉበት፣ ፕላስቲኩን ሳጥን እሱ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውም ደስ ይለዋል እቃውም ይድናል። ቅርስ ያልሆነ ተራ የእንጨት ቁም ሳጥን ከሆነ ውስጡን በሙሉ በፎይል ሸፍኑት፣ መገጣጠሚያው በደንብ ተደራርቦ፣ ላዩ ላይ አቡጀዲ። አቡጀዲው በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብ፣ ሽታ ያለው ማለስለሻ ሳይነካው።

እቃ ከእቃ አይነካካ፣ በተለይ ብረት ከመዳብና ከብር ጋር፣ እርጥበት ሲገባ ደካማው ይበላል። ብርን በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልሉ፣ ዚፕ ከረጢት ውስጥ አየሩን አስወጥታችሁ ዝጉ። አክቲቬትድ ካርቦን ካገኛችሁ (ለውሃ ማጣሪያ ሚሸጠው) በጨርቅ ከረጢት ቋጥራችሁ አስገቡ ጋዙን ይይዛል፣ የማድቤት ከሰል ግን እሱን አይተካም።

ሲሊካ ጄል፣ ብርቱካናማውን ግዙ፣ ሰማያዊው ኮባልት ሚባል ጤና ሚጎዳ ኬሚካል አለበት። ለ20 ሊትር ሳጥን ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይጀመር፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው መለኪያ ይወስናል። ጥርት ላለ ብርና መዳብ ከ50% በታች ይበቃል፣ ለብረትም እንደዛው፣ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ብረት ግን ከ20% በታች ይፈልጋል። ቀለሙ ሲቀየር በኦቨን ከ105 እስከ 120 ዲግሪ ለሰዓታት ይደርቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አታድርጉት፣ ከዛ እጥፍ ይግላልና ያቃጥለዋል፣ ፀሐይ ላይ ማስጣቱም አያደርቀውም።

ተጠንቀቁ፣ እቃው ቆዳ፣ እንጨት፣ ቀንድ ካለበት (የሰይፍ አፎት፣ መቋሚያ፣ የብራና ሽፋን ላይ ያለ ብር) በጣም ካደረቃችሁት ይሰነጠቃል፣ እሱን ከ45 እስከ 50% ያዙት። ሳጥኑ ከወለል 15 ሳንቲም ከፍ ይበል፣ ከውጪ ግድግዳም ይራቅ።

6ኛ፦ አገልግሎት ላይ ያለ እቃ

ምዕመን ሚሳለመው የእጅ መስቀል እንደ ሙዚየም እቃ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። ላብ ግን ጨው ነው፣ በቀኑ መጨረሻ በደረቅ ንጹህ ጥጥ ይጠረግ። ከጥምቀት ሲመለስ ጸበል የነካው መስቀል እርጥብ ከፋይ ተጠቅልሎ ሳጥን ሚገባበት ልማድ ይቅር፣ ጨርቁ ይውለቅ፣ ሁለቱም ለየብቻ ይድረቁ፣ ማታ ሳይሆን በነጋታው ይግባ። ሁለት መስቀል ካለ በጣም አሮጌው ለትልልቅ በዓል ብቻ ይውጣ።

ውጪ ሀገር ቤታችሁ መስቀል ለሰቀላችሁ፣ ጋዝ ምድጃ አጠገብ አትስቀሉ፣ ጅዳና ዱባይ ደግሞ የባህር ጨው ስላለ መስኮት ተከፍቶ ኤሲ ሲበራ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ጨዋማ ውሃ ይቋጥራል፣ መስታወት ያለው ቡፌ ውስጥ ይሻላል፣ ቡፌው ኤምዲኤፍ ካልሆነ።

7ኛ፦ ሚያስቸኩለው

ነሐስ ላይ ለስላሳና ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት፣ ሲነካ ሚራገፍ፣ ጠርጋችሁት በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሚወጣ ካያችሁ የነሐስ በሽታ ነው። ውስጡ የተቀበረ ጨው ከእርጥበት ጋር እየሰራ ነው፣ ከመሬት የወጡ የአክሱም የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በተለይ ይህን ጠብቁ። ጠንካራና ልሙጥ ገጽ ያለው ጥቁር አረንጓዴ ሌላ ነው፣ እሱ ነሐሱን እየጠበቀ ነውና ተዉት። ዱቄታሙን ግን ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለዩት፣ በሎሚም በውሃም እንዳትነኩት፣ ዚፕ ከረጢት ውስጥ ከብዙ ደረቅ ሲሊካ ጄል ጋር ከ35% በታች አድርጉት፣ ፎቶና ቀን ጻፉ፣ ከዛ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይ ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በደብዳቤ አሳውቁ። ባለሙያ እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ያ ከረጢት ከደረቀ ይቆያል፣ የናንተ ስራ በየሳምንቱ የጄሉን ቀለም ማየትና ሲቀየር መተካት ነው።